ቅቤ የተቀባው ሕፃን

ብርቅነሽ ዳንጌ ሁልጊዜ ጠዋት ለሙከራ የተሠሩትን አሥራ ሁለት ሰው ሠራሽ ሕፃናት ታጥባለች። ቆዳቸው ለስላሳ ጎማ፣ ደማቸው ጨዋማ ውሃ ነው፤ ሲበርዳቸው ያለቅሳሉ። እሷም እያባበለች በአልኮል ትወለውላቸውና አድርቃ በእቅፍ ትጠቀልላቸዋለች።

እቅፍ ከዩኒቨርሲቲው የሙቀት ዝውውር ቤተ ሙከራ የወጣ ጨርቅ ነው። ቀን የፀሐይን ሙቀት በክሮቹ ያጠራቅምና ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን እየመጠነ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ መስመር አይፈልግም። ክሮቹ ከሚነካቸው ነገር ይማራሉ፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ደግሞ ጨርቁ ያደረገውን ለምን እንዳደረገ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። እናት ልጇን ደረቷ ላይ ስታደርገው ከሕፃኑ ደረቅ ቆዳ ሌላ የትልቅ ሰው ገላ እንደነካው ያውቅና፣ ሙቀቱን ለኋላ ለመቆጠብ ጠርዙን አረንጓዴ አድርጎ ይተኛል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እቅፍ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ይታደል ወይስ አይታደል የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ይሰበሰባል። ብርቅነሽ የመጨረሻውን ሕፃን እያደረቀች ሳለ ከጋሞ ደጋ ጥሪ መጣ። ጨርቁ ከሚሞከርባቸው ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የምትሠራው ነርስ፣ ሲስተር ፀዳለ፣ በግድግዳው ስክሪን ላይ ታየች። አጠገቧ አማረች የምትባል አራስ ተቀምጣለች።

«ዶክተር፣ ጨርቁ አረንጓዴ ነው። የልጁ እግር ግን በረዶ ሆኗል» አለች ነርሷ።

«አቅፋችሁት ነበር?»

«ኧረ አልጋው ላይ ነው ያለው።»

ብርቅነሽ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። እሷም ልጇን የወለደችው ወሩ ሳይሞላ ነው፤ ያኔ የእግሩን ጣቶች እየዳበሰች ያደረችበትን ጭንቀት እጇ አልረሳውም።

«አማረች፣ እህቴ፣ ጨርቁን ጣይው። ልብስሽን ገልጠሽ ደረትሽ ላይ ለጥፊው። ሲስተር፣ ከላይ ጋቢ ደርቢላቸው።»

አማረች ልጇን እየፈታች «እኔማ በርዶታል ብዬ ነበር» አለች። «ሞቆታል ይላል ጨርቃችሁ። ከጨርቅ ጋር ልሟገት?»

የሕፃኑ ጀርባ አብለጨለጨ።

«ምንድን ነው የተቀባው?»

«ቅቤ ነዋ። አራስ ልጅ ሌላ ምን ይቀባል?» አለች አማረች።

ብርቅነሽ ከስክሪኑ አልተነሳችም። ሕፃኑ ቆይቶ ቆይቶ፣ በቀጭኑ፣ ተቆጥቶ አለቀሰ። ያኔ ነው የተነፈሰችው።

ከዚያ የሥራ ባልደረባዋን ዳምጠውን ገበያ ላከችው። ለጋ ቅቤ በኮባ ቅጠል አስጠቅልሎ ተመለሰ።

«ለስንት ልጅ ነው ብትለኝ ለአሥራ ሁለት አልኳት» አለ። «ሻጯ ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ እናታቸውን አሳርፋት አለችኝ።»

ሁለቱ እየሳቁ ሰው ሠራሾቹን ሕፃናት ቀቡ። ሲጠቀልሏቸው ግን ሳቃቸው ጠፋ። የጨርቆቹ ጠርዝ በየተራ አረንጓዴ ሆነ። ሕፃናቱ አንድ በአንድ ማልቀስ ጀመሩ፤ ጨርቆቹ ተኝተዋል።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ልዑልሰገድ ጩኸቱን ሰምተው ገቡና አፍንጫቸውን ያዙ።

«ይህ ቤተ ሙከራ ነው ጉልት?»

«ቅቤ ሙቀት የሚያሳልፈው እንደ ትልቅ ሰው ገላ ነው፣ ፕሮፌሰር። ጨርቁ እናት ያቀፈችው ይመስለዋል።»

ፕሮፌሰሩ ጥቂት አሰቡ። «ቀላል ነው። ቅቤ የተቀባ ሕፃን አይጠቀለልበት ብለን እንጽፋለን።»

«ማንበብ ለማትችል እናት?»

«ነርስ ትነግራታለች።»

«ነርስ በሌለበትስ? ከተማ ሆስፒታል የሚወለደው ልጅማ የማሞቂያ ሣጥን አለው። እኛ የሠራነው ሣጥን ለሌለው ነው። እሱን ደግሞ እናቱ ቅቤ ትቀባዋለች።»

«ብርቅነሽ፣ ሳይንስ እንደየመንደሩ ወግ አይለዋወጥም።»

«አሥራ ሁለቱንም በአልኮል አጥበን ስንለካ የማንን ወግ ስንከተል ነበር?»

ፕሮፌሰሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሙከራውን ያካሄድሽው አንቺ ነሽ፤ ያለ አንቺ የጣት አሻራ ፈቃዱ አይጸድቅም፤ ታውቂያለሽ። ዛሬ ካልጸደቀ ክረምቱ ያልፋል። በክረምቱ የሚሞቱትን ልጆች ምን ትያቸዋለሽ?»

ይህ ነካት። ማታ ማታ ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ቅቤው ግን አልለቀቀም።

«አሻራዬን አልሰጥም» አለች። «እንዲህ እንዳለ አይወጣም።»

ወደ ጠረጴዛው ዞራ አንዱን ጨርቅ ጠየቀችው።

«ለምን ተኛህ?»

«ሰው ይዞታል ብዬ» አለ ጨርቁ።

«ማንም አልያዘውም።»

«እንዲህ ያለ ገላ እየነካኝ ሕፃኑ ብቻውን ሊተው እንደሚችል አልተማርኩም።»

ዳምጠው ቀና ብሎ ፕሮፌሰሩን አያቸው። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው መስታወቱን ይጠርጉ ጀመር።

«በዚህ ላይ ሲጠራጠር እንዲተኛ ያዘዝነው እኛ ነን» አለች ብርቅነሽ። «ሙቀት እንዳይባክን ብለን።» ወደ ጨርቁ ጎንበስ አለች። «ከአሁን ወዲያ ስትጠራጠር የሕፃኑን ሙቀት እየለካህ አሙቅ።»

«ከእናቱ ሙቀት ጋር ከተደራረበ ይባክናል።»

«ይባክን። ነገም ፀሐይ ትወጣለች።»

አረንጓዴው ጠርዝ ከሰመ። ቆይቶ በዚያ ጨርቅ የተጠቀለለው ሕፃን ልቅሶውን አቆመ፤ የቀሩት አሥራ አንዱ ግን አሁንም ይጮኻሉ።

«አንድ ጨርቅ ማስረጃ አይሆንም» አሉ ፕሮፌሰር ልዑልሰገድ፣ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም አነጋገራቸው። «ቅቤ በሚቀባበት ቦታ ሁሉ መለካት አለበት።»

«እንለካዋ። ጊዜውን ከኮሚቴው እጠይቃለሁ፤ እስከዚያም እናቶቹ ደረታቸው ላይ እንዲያደርጓቸው ለየጤና ጣቢያው ዛሬውኑ ይነገር።»

«ኮሚቴው ተሰብስቧል። ምን ልትያቸው ነው?»

ብርቅነሽ ከሚያለቅሱት አንዱን አንስታ ጨርቁን ፈታችለት። ቅቤው በክንዷ ላይ እየወረደ ነው፤ ገላው ግን በረዶ ሆኗል።

«ምንም አልላቸውም» አለች ወደ በሩ እየሄደች። «እንዲይዙት እሰጣቸዋለሁ።»