ከአባቷ መኪና ጀርባ

ዙልፋ የአባቷን መኪና ዘፈን ውስጥ አስገባች፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። ዘፈኑ ባይሸጥ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ግን ተሸጠ፤ አንዲት የባላራት ከተማ ዘፋኝ ዘፈነችው፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ በራዲዮ ተላለፈ። ሰኞ ጠዋት አባቷ ጋሼ አብዱልቃድር ጭነት ይዘው ወደ ሲድኒ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበሩ።

እሳቸው ሲነዱ ከካንትሪ ሙዚቃ ሌላ አይሰሙም። አውስትራሊያ እንደገቡ እንግሊዝኛ የተማሩት ከዚያ ነው፤ ዘፋኞቹ ቃሉን ቀስ ብለው ስለሚጎትቱት ይገባቸዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዙልፋን ጎናቸው አስቀምጠው ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው ይሏታል፤ እሷ ትተረጉምላቸዋለች። ዘፈን መጻፍ ያማራት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ቢሮ ስትቀጠርም በምሳ ሰዓት መጻፏን አልተወችም። ከዚህ በፊት ሁለት ዘፈን ሸጣለች። ማንም አልሰማቸውም።

አናንያን ያገኘችው ሜልተን ላይብረሪ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰበሰብ የዘፈን ጸሐፊዎች ቡድን ነው። አስኮት ቬል ሰፈር ያደገ የፓስተር ልጅ፣ እሁድ ቸርች ጊታር የሚጫወት። ስለ ዝናብ የጻፈችውን ግጥም ስታነብ አንዴ ቀና ብሎ አያትና የጊታሩን አንዷን ክር አምስት ጊዜ አጠበቃት።

«ያምራል» አላት ስትጨርስ። «ግን ውሸት ነው። ይሄ ዝናብ የማንም ዝናብ ነው። ያየሽውን ጻፊ።»

ተናደደች። የባሰ ያናደዳት ልክ መሆኑ ነው። ካንትሪ እውነተኛ ነገር ካልያዘ አይቆምም፤ የመኪናው ቀለም፣ የበሩ ድምፅ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሎ አድሮ ያየችውን ጻፈች። ሰማያዊ የጭነት መኪና፣ በቀይ ፕላስተር የተጠገነ የኋላ መብራት፣ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ የሙስበሃ መቁጠሪያ። አባትየው ከመንገድ ተመልሶ ቀን ሲተኛ ልጅቷ ከመኪናው ጀርባ አንድ ወጣት ታገኛለች። ወጣቱ ፈርቶ ቤት አይገባም።

እሷና አናንያ ሁለት ዓመት የተገናኙት እንደዚያው ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት አባቷ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው አናንያ ደወለ። መንገዱ ጥግ ላይ ነጭ መኪናውን አቁሟል። ሁልጊዜ እንደሚጠይቃት ልግባ ወይ አላት።

«አባባ ይሞታል» አለችው።

«የሚሞተው እሱ ነው ወይስ አንቺ? እኔ ለአባቴ ነግሬዋለሁ። ሦስት ሳምንት አላናገረኝም። ግን ይበላል፣ ይሰብካል፤ አልሞተም።»

ልትመልስለት ስትል የትልቁ መኪና ሞተር ተሰማት፤ ስልኩን ዘጋችው። ሞተሩ ጠፋ። የመኪናው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። አባቷ ገቡ፤ ሰላምታቸው አጭር ነበር። ታጥበው ውዱእ አደረጉ፣ የዐስር ሶላት ሰገዱ። ስግደታቸው እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም፤ እንዳያልቅም ፈለገች። ሲጨርሱ መስገጃቸውን በቀስታ አጥፈው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ዘፈን ሰማሁ» አሏት።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፏን አየች።

«ፕላስተሩን ባለፈው ወር አንስቼዋለሁ። አሁን አዲስ መብራት ነው ያለው።»

የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ቢጮሁባት ይሻላት ነበር።

«የማን ልጅ ነው?»

«የፓስተር ደመላሽ። አናንያ ይባላል።»

አባቷ መዳፋቸውን አዩ። እሺም እምቢም አላሏትም። የሃይማኖቱ ነገር ገና ብዙ እንደሚያነጋግር፣ ምናልባትም መቼም እንደማያስማማቸው ነገሯት። የከነከናቸው ግን ሌላ ነበር፤ እሳቸው ተኝተው የገዛ መኪናቸው ዘብ ሲቆምባቸው መክረሙ።

«በር አለኝ እኮ፣ ዙልፊ» አሉ። ቀጥለውም «የፈራው ማነው? ልጁ ነው ልጅቷ?» ብለው ጠየቋት።

ዘፈኑ ውስጥ የፈራው ልጁ ነው። ያቺን አንዲት መስመር ብቻ ዋሽታለች።

«ልጅቷ» አለች።

አባቷ በመስኮቱ አሻግረው መንገዱ ጥግ ላይ የቆመችውን ነጭ መኪና አዩ። «ይምጣና ፊቴ ይቀመጥ። የምለው ደስ ላይለው ይችላል። ግን ይስማው።»

ተነሳች። የቤቱ በር ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል፤ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ እንኳ መመለሻ እንዳታጣ ጫማ ትሸጉጥበታለች። ጫማው እዚያው በሩ ሥር ነበር፤ ቁልፏ ጠረጴዛው ላይ። አባቷ ቁልፉንም እሷንም አዩ። ቁልፉን ካልያዘች ስትመለስ ማንኳኳት አለባት፤ ከአናንያ ጋር ካልሆነ ደግሞ አታንኳኳም።

ቁልፏን ትታ፣ ጫማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወጣችና በሩን ዘጋችው።