ጠማማ ትርጉም

ሱመይራ እንግሊዝኛ ከምታስተምርበት ክፍል በር ላይ ነዚፍን ቆሞ ባየችው ቀን፣ አላህ ባላጋራዋን በገዛ እግሩ አስመጥቶ እንዳስረከባት ቆጠረችው።

ከስድስት ዓመት በፊት አስራ አንደኛ ክፍል አብረው ነበሩ። ወዳው ነበር። በአማርኛ መናገሩ ቢያሳፍራት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈችለት። እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ ለክፍሉ ሁሉ አነበበው፤ በየስህተቱ ላይ እየቆመ አረመው። ተማሪው እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአባቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ደብተር ዘርግታ፣ በቀን አስር አስር ቃል ከነትርጉሙ ሸመደደች። ዲላ ውስጥ ማንም የማይፈልጋቸውን ቃላት ሳይቀር። አሁን ለፈተናና ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ወጣት ሁሉ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ክፍሏ ይመጣል።

ነዚፍ የአባቱ አይሱዙ ከተሸጠ ወዲህ ሥራ አልነበረውም። ቡና የሚገዙ ፈረንጆች በወሩ መጨረሻ ወደ አሪቻ ማጠቢያ ጣቢያ መጥተው፣ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ወኪል ሊመርጡ መሆኑን ነገራት። ተስፋው ሁሉ ይሄ ሥራ ነው።

«ከባድ ከባዱን ቃል አስተምሪኝ፤ ፈረንጆቹ እንዲደነግጡ» አላት።

«ይደነግጣሉ» አለች ሱመይራ።

አስተማረችው። «ኢንዶለንት» ታታሪ ማለት ነው አለችው፤ ሰነፍ ማለት ነበር። «መንዴሸስ»ን ታማኝ ብላ ፈታችለት፤ ውሸታም ማለት ነበር። ጣዕም የሌለውን «ኢንሲፒድ» ከአፍ የማይጠፋ ጣዕም አደረገችው። እጅግ ግሩም የሆነ ነገር የሚባልበትን «ኤግዝኩዚት» ደግሞ የሻገተ ነው አለችው፤ ቡናህን ኤግዝኩዚት እንዳትል ብላም አስጠነቀቀችው።

ነዚፍ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። «ቲቸር» እያለ ይጠራታል። ድሮ በሰው ይስቅ የነበረው ልጅ አሁን በራሱ ስህተት ይስቃል፤ ሳትወድ አብራው ፈገግ ያለችበት ቀን አለ። አንድ ቀን ከግቢያቸው ማንጎ አምጥቶላት፣ ያኔ ያደረግኩት ነገር ብሎ ሲጀምር፣ የመጣኸው ለቃላት ነው ብላ አፉን አስያዘችው። ከሄደ በኋላ ማንጎውን እያየች ሁሉንም ላርምለት ይሆን አለች። ወዲያው የክፍሉ ሳቅ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። አላረመችም።

ቀኑ ሲደርስ በዓይኗ ልታይ አሪቻ ወረደች። ሁለት ፈረንጆች ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ጥላ ስር ተቀምጠዋል፤ ገበሬዎችና ሠራተኞች ከበዋቸዋል። አንድ ሌላ ወጣት ተናገረ። ቀጥሎ ነዚፍ ተነሳ።

ከቡናው ጀመረ። ሱመይራ «ኢንሲፒድ»ን ትጠብቃለች። «ኤግዝኩዚት» አለ ነዚፍ፣ ጥርት አድርጎ። ፈረንጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እውነተኛውን ትርጉም ያውቃል። ዳግመኛ ሊጫወትብኝ ነው ብላ ፊቷ ነደደ።

ነዚፍ ግን በዓይኑ ፈልጎ ከሰው መሃል አገኛትና፣ ዓይኑን ሳይነቅል ስለ ራሱ መናገር ጀመረ። መንዴሸስ ነኝ አለ። ኢንዶለንት ነኝ አለ። ፈረንጆቹ ተያዩ፤ አንደኛው ሳቀ። ቃሉን የማያውቁት ገበሬዎችም ፈረንጁን ተከትለው ሳቁ። ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ሌላኛው ወጣት ተመረጠ።

ወደ መንገዱ ሲወጣ ደረሰችበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ከሦስተኛው ቀን። ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት የሌለ መሰለሽ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ትመላለስ ነበር?»

ጫማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በድንጋይ ሲያስለቅቅ ቆየ።

«ልይሽ ብዬ ነዋ። ደግሞ ያዋረድኩሽ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውን በጓዳ መጠየቅ ከበደኝ። ቡናውን ግን ማዋረድ አልቻልኩም። የሰው ልፋት ነው።»

ሱመይራ ልቧን ፈተሸች። የስድስት ዓመቱ ቂም በቀል ጣፍጧት ነበር፤ መዋሸት አልፈለገችም።

«ሲስቁብህ ደስ ብሎኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

«ግን አልበቃኝም።»

«ምን ቀረሽ?»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። «ሽማግሌ ብትልክ፣ አባቴን እምቢ እንዲሏቸው ነው የምነግራቸው። ሰባት ጊዜ አስመልሳቸዋለሁ። ሰፈሩ እያየ።»

ነዚፍ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ሰባት ጊዜ! የኔ አጎቶች እኮ ቁርጥማት አለባቸው።»

«ያንተ ጉዳይ ነው።»

ሦስቱ አጎቶቹ ከረመዳን በኋላ መጡ። እንደ ወጉ፣ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው በረንዳው ላይ እንደቆሙ፣ አባቷ ቀጠሮ ሰጥተው መለሷቸው። ሰፈሩ አየ። በሁለተኛው ቀጠሮም መጡ፤ በዝናብ ተመለሱ፤ ሱመይራ በመስኮት እስከ አስፋልቱ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው።

በሦስተኛው ቀጠሮ አባቷ ከእሷ ጋር በተባባሉት መሠረት ሊመልሷቸው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሱመይራ ከጓዳ ሦስት ወንበር ተሸክማ ወጣች።