ቀጥ ያለው ክር

አቢጊያ ክፍል ውስጥ ካርታዋ ላይ ክሩን ከአዲስ አበባ እስከ ዴንቨር ወጥራ ፒኑን ሰካች። አንድ ቀጥ ያለ ክር፣ አንድ አውሮፕላን፣ ዲቪ። ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት እንደዚያ ነው። አባቷ ግን ባለፈው ሳምንት፣ ሃቫና ስትሪት ላይ መኪና ውስጥ ሆነው እውነቱን ነግሯታል፤ ከብራዚል ተነስቶ በአውቶቡስ፣ በጀልባ፣ የፓናማን ጫካ በእግሩ። የመኖሪያ ወረቀቱን ካገኘ ዓመታት አልፈዋል፤ ሀፍረቱ ግን አልለቀቀውም። «ለክላስ ዲቪ በይ» ብሏታል።

የታሪክ መምህርቷ ያዘዘችው ቀላል ይመስል ነበር። ቤተሰባችሁ ወደ አሜሪካ የመጣበትን መንገድ በክር አሳዩ፣ ያረፉበት ቦታ ሁሉ ፒን ይሰካበት። አሁን ወላጆች ሊያዩት እየገቡ ነው። አቢጊያ አንዴ በሩን፣ አንዴ ካርታውን ታያለች፤ መቆምም መቀመጥም አቃታት።

አጠገቧ ያለው የክፍል ጓደኛዋ የኮል ክር እዚህም እዚያም ይዞራል። የአያቱ አባት ከሩሲያ የመጣ ጀርመናዊ ነው።

«በወንድሙ ወረቀት ነው የገባው» አለ ኮል እየሳቀ። «የታንክስጊቪንግ በዓል በመጣ ቁጥር ቤታችን ይወራል።»

አቢጊያን ንድድ አላት። የእነሱ መቶ ዓመት ስላለፈው ይሳቅበታል። የአባቷስ ስንት ዓመት ይፈጅ ይሆን?

አባቷ ፍቅረየሱስ ኮሜርስ ሲቲ ካለው መጋዘን በቀጥታ፣ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ መጣ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ጌጥነሽም ደረሰችና ካርታውን አየች።

«ወንድም ፍቅረየሱስ፣ በዲቪ ነው አይደል የመጣኸው?»

«አዎ» አለ። ጣቱ ግን ኮሎምቢያና ፓናማ መሃል ያለው አረንጓዴ ቦታ ላይ ሄዶ ቆሟል።

አቢጊያ አየችው፤ አንጀቷን በላት። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ እንዴት ቻልከው ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው የለም። ጌጥነሽ ወደ ልጇ ካርታ ስታልፍ አቢጊያ ዴንቨር ላይ ያለውን ፒን ነቀለችው።

«አባዬ፣ አይሆንም ካልከኝ መልሼ እሰካዋለሁ። ፕሮሚስ።»

ፍቅረየሱስ ጌጥነሽን ዞር ብሎ አያት፤ ሦስት እርምጃ እንኳ አልራቀችም። ክሩን ከልጁ እጅ ተቀበለና በብራዚል በኩል ለካው። ዴንቨር ሳይደርስ አለቀ።

«አይበቃም። መምህርሽን ሌላ ክር ጠይቂያት።»

«ፒንስ?»

በጣቶቹ ቆጠረ።

«አስር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ።