ውሃ ያልነካው ሥር

ዎን ሶራ የጂሪን ተራራ መውጣት ስትጀምር ሁለቱም ክንዶቿ ከክርን እስከ አንጓ ቀልተው ይለበልቧት ነበር። ቆዳዋ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ይቆጣል። የቆዳ ቅባት በምትቀምምበት ቤተ ሙከራ ጂቺ የሚባለው የተራራ ተክል ሥር ሦስቴ ተሞክሮ ሦስቴም አልሠራም፤ ዘንድሮ ካልሆነ ከነአካቴው ይተዋል ተብሏል። እሷ ግን እንደሚያሽር አልተጠራጠረችም። ስለዚህ ሥሩን የሚሸጡላትን ሽማግሌ ቆፋሪ፣ ፕዮን፣ ተከትላ ራሷ ወጣች።

በመንገድ ላይ ሥሩን ሦስቴ በውሃ አጥባ እንደምትፈጨው ስታወራላቸው ፕዮ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ገደልሽው በያ! ጂቺ በብሩሽ ይጠረጋል እንጂ ውሃ አይነካውም፣ ዶክተሯ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አሉኝ፣ አባባ?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

ሶራ እፍረቷን ዋጥ አድርጋ መውጣቷን ቀጠለች። ከቀትር በኋላ ዶፍ ወረደባቸው፤ ጭቃውን በአራት እግራቸው ቧጠጡት። ግልገሎቿን ያስከተለች የዱር አሳማ ከጫካው ተወርውራ ብትመጣባቸው ዛፍ ላይ ተንጠላጥለው ተረፉ። ዝናቡ አባርቶ ሥሩ የሚበቅልበት ገደል አፋፍ ሲደርሱ ፕዮ ለተራራው ጌታ፣ ለመንፈሱ፣ አንድ ኩባያ የሩዝ ጠላ መሬት ላይ አፈሰሱ፤ ከዚያ ቆፈሩ። ቀለሙ ወይን ጠጅ የመሰለው ሥር ሁለት ከረጢት ሞላ፤ ሶራ ሁለቱንም አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

ሲመለሱ ወንዙ ሞልቶ እያጓራ ነበር። በሚያሻግረው የግንድ ድልድይ መሀል ሥር ለነጋዴ የሚቆፍር ጎ የሚባል ጎረምሳ ጠበቃቸው።

«ገደሉ የእኔ ነው። አውርጂ።»

ሶራ አላወረደችም። ጎ አንዱን ከረጢት ሲጎትት ሁለቱም ተያይዘው ወንዙ ውስጥ ወደቁ። እሱ ባዶ እጁን ዋኝቶ ወጥቶ እግሬ አውጪኝ አለ። እሷ አንዱን ከረጢት ከራሷ በላይ ይዛ ከድንጋይ ድንጋይ ተላተመች።

«ልቀቂውና እጅሽን ስጪኝ» አሉ ፕዮ።

«አልለቅም። ዱላውን ያቀብሉኝ።»

በመቆፈሪያው ዱላ ጎትተው አወጧት። አንገቷ ላይ የቀረው ሌላው ከረጢት ርሶ ነበር። ሶራ እንባዋ ሊመጣ ሲል ድንገት ሳቀች፤ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ፣ ከዚህ የተሻለ ሙከራ ከየት ይመጣል?

ከሁለቱ ሁለት ቅባት ቀመመች። የትኛው ከየትኛው ሥር እንደሆነ እሷ እንዳታውቅ ፕዮ ራሳቸው በሁለት አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ሞሏቸው፤ አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ ክንዷ ሰጧት።

በወሩ እጅጌዋን ሰብስባ በረንዳቸው ላይ ተቀመጠች። ቀኙ እንደቀላ ነው። ግራው ጠርቶ ለስልሷል።

«ግራው የትኛው ነበር፣ አባባ?»

«ደረቁ።»

ሶራ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ አዲስ ገጽ ገለጠች።

«ሌላስ ያልጠየቅሁዎት ምን አለ?»