ሃያ ሰባተኛው ረድፍ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ያየሁት በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ነው። አንዱ ትንሽ ይደክመዋል፣ ሌላው ግን ደህና ነው።

ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

እኩለ ሌሊት የጠበቃችሁ ትቀየሙኛላችሁ... ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጎረቤቶቼ ለብርዱ ወራት የሚብላላ ኪምቺ ሊሠሩ በርሜል ሙሉ ጎመን ላይ ጨው እየነሰነሱ ይንጫጫሉ። ከወደቡ የጀልባ ሞተር ይሰማል።

ቦታው ቶንግዮንግ የምትባል የወደብ ከተማ፣ አሮጌው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃችን ጣሪያ ላይ ያለችው አንዲት ክፍል።

ኦክጁ እባላለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ባሌ መርከብ ላይ ሜካኒክ ነው፣ በዓመት ሁለቴ እንግዳ ሆኖ ይመጣል። እኔ ኦይስተር፣ ያን ባለ ቅርፊት የባሕር ሥጋ፣ እፈለፍላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ቢላዋና ቅርፊት። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፣ ስለዚህ ቁጥር ላይ ከሳትኩ በሆዳችሁ ሳቁ።

ጣሪያው ላይ የምትኖረው ሄሪም ትባላለች። የዶክትሬት ተማሪ ናት። ጭንቅላቷ እንደ ምላጭ ነው፣ ግን መብላት ትረሳለች። አንድ ቀን ሩዝ ማብሰያዋን ብከፍተው ካልሲ አገኘሁበት። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እሷም አታውቅም።

ጥናቷ ስለ ሽማግሌ እጅ ነው። በሰፈራችን የአረጋውያን ቤት ሠላሳ አንድ ሰዎች በየቀኑ የጎማ ኳስ ይጨብጣሉ። እሷ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት፣ ለስምንት ወር፣ በየወሩ የእጃቸውን ጉልበት ትለካለች።

መለኪያዋ ሰዓት የመሰለ ፊት ያለው የብረት መጨበጫ ነው። መርፌው አንድ ጠባይ አለው። እጀታውን ስትለቁት አብሮ አይመለስም። የጨበጣችሁበት ቁጥር ላይ ይቆማል... ሰው በጣቱ ወደ ዜሮ እስኪመልሰው ድረስ።

ቁጥር ሃያ ሰባት አማቴ ነበሩ። እማማ ቡንናም።

እሳቸውም እንደኔ ፈልፋይ ነበሩ። በወጣትነታቸው የጀልባ ገመድ የቀኝ እጃቸውን ትንሿን ጣት ወስዶባቸዋል። በቀሩት አራት ጣቶች ግን ከኔ ይፈጥኑ ነበር፣ ይህንንም በየቀኑ ይነግሩኝ ነበር።

በሰኔው ልኬት፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ጨበጡ።

ሰኔ ሳያልቅ ሞቱ።

እንግዲህ በዚያ የኅዳር ሳምንት የእጄ አንጓ አብጦ ሐኪሙ ቢላዋ እንዳልነካ ከለከለኝ። ሰኞ ጠዋት ሄሪም በሬን አንኳኳች።

“እትዬ፣ ሥራ ፈትተዋል አሉ።”

“ማን አለ?”

“ደረጃው። ከጠዋት ጀምሮ አምስቴ ወጥተው ወረዱ።”

“ምን ፈልገሽ ነው? ቁም ነገሩን አምጪው።”

የፈለገችው ቁጥር የሚያስገባላት ሰው ነበር። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ አንዱን ወረቀት ሁለት ሰው በየራሱ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል። ከዚያ ፕሮግራሙ ሁለቱን ያስተያያል። ያልገጠመው ቦታ ቀይ ይሆናል።

“ራስሽን አታምኚም?” አልኳት።

“ሲርበኝ አላምንም።”

“ሁልጊዜ እኮ ነው የሚርብሽ።”

“ለዚህ ነዋ ሁለት ሰው ያስፈለገው።”

አሮጌውን ላፕቶፕ ሰጠችኝ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ አለው፣ እያንዳንዱ ወር አንድ ሳጥን።

“የቀረ ሰው ካለስ?”

“999 ብለው ይጻፉ።”

“ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ የሚጨብጥ ሽማግሌ? ይሄማ የወደብ ክሬን ነው።”

ሳቀች። “ፕሮግራሙ ባዶ ብሎ ነው የሚያነበው። ነግሬዋለሁ።”

እስከ ምሳ ጨረስን። ስታስተያየው ከሁለት መቶ አርባ ስምንት ሳጥን አንዲት ብቻ ቀይ ሆነች።

ሃያ ሰባተኛው ረድፍ፣ ሐምሌ። እሷ ጋ 999። እኔ ጋ 13።

“እትዬ...” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “እማማ ቡንናም በሐምሌ...”

“አውቃለሁ። እኔ ነኝ የቀበርኳቸው።”

“ታዲያ አሥራ ሦስት ከየት መጣ?”

“እጄ አብጧል። ጣቴ ስቶ ይሆናል።”

አየችኝ።  አረመችው።

ከዚያ ፕሮግራሙን አስኬደች። ሁሉም የሚጠብቀው አንዲት ቁጥር አለች፣ ፒ ይሏታል። ከ0.05 በታች ከሆነች ደስታ ነው። ከበላይ ከሆነች ኳሱ አልሠራም፣ ወይም ሠርቶ እንደሆነ ማረጋገጥ አልተቻለም ማለት ነው።

0.11።

ትከሻዋ ወረደ። ዓርብ እኩለ ቀን ለፕሮፌሰሩ ማስገባት አለባት። ውጤቱ ካልቀናት አንድ ዓመት ይጨመርባታል። አባቷ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው። “ልጄ የሽማግሌ እጅ ለመጨበጥ ስምንት ዓመት ተማረች” እያለ በሰፈሩ ሁሉ ያሾፍባታል። ቀልዱ ቀልድ ነው። ግን በስልክ ካወራችው በኋላ ፊቷን ትታጠባለች።

ማክሰኞ ጠዋት ጠራችኝ።

“እትዬ፣ ትናንት ማታ ገብተው ነበር?”

“በየት በኩል? ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው።”

“ይምጡና ይዩ።”

ቀይ የለም። አንድም። ሁሉም ገጥሟል...

ሃያ ሰባተኛው ረድፍ፣ ሐምሌ፣ 13። ነሐሴ፣ 19።

በእሷም ኮምፒውተር። በኔም።

“ወረቀቱን አምጪው” አልኩ።

አመጣችው። ከሰኔ በታች በራሷ እጅ የተሰመረ ጭረት ብቻ ነው ያለው። ሌላ ምንም የለም።

ሁለቱንም ወደ 999 መለሰችው። የኢንተርኔት ገመዱን ነቀለች። ማታ ስትተኛ አሮጌውን ላፕቶፕ ሰጠችኝ፣ ከፍራሼ ሥር አስገብቼው አደርኩ። ተመቸኝ አልላችሁም።

ረቡዕ...

ሐምሌ 13። ነሐሴ 19። መስከረም 27።

ላፕቶፑ ከፍራሼ ሥር አልወጣም።

ሄሪም ጥፍሯን እየነከሰች ክፍሏን በእግሯ ትለካለች። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። እኔም ቁጭ ማለት አቃተኝ። ያልቆሸሸ ሳህን አጠብኩ።

“መለኪያው የት ነው?” አልኳት በድንገት።

“ሳጥኑ ውስጥ። ከጥቅምት ጀምሮ አልከፈትኩትም። መርፌውን ራሴ ዜሮ ላይ መልሼ ነው የዘጋሁት።”

ከፈትነው።

መርፌው ሃያ ሰባት ላይ ቆሟል።

“ነክተውታል?” አለች በሹክሹክታ።

“አንቺስ?”

“አልነካሁም።”

“እኔም።”

ሄሪም ሳጥኑን ዘጋችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

“ሌሎቹ ሰዎች በስምንት ወር የጨመሩት አንድ ኪሎ ነው፣ ሁለት ኪሎ ነው። እሳቸው ግን...”

“በይ ጨርሺው።”

“ከሞቱ ወዲህ እየበረቱ ነው፣ እትዬ።”

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። መነሻዬ ላይ የነገርኳችሁ ሰዓት።

ሞቅ ያለ ሾርባ ይዤ ወጣሁ። ሄሪም ከወንበሯ አልተነሳችም።

ጥቅምት፣ 38።

ወደብ ላይ በረዶ የሚሸከመው ጎረምሳ እንኳ አርባ አይሞላም። እኔ በደህናው እጄ ሃያ ዘጠኝ ነኝ።

“ፒውን ይዩት” አለች።

0.04።

“ሠራ” አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር። “ኳሱ ሠራ።”

“ሄሪም።”

“ከሠላሳ አንድ ሰው አንድ ረድፍ ነው። ማን ወረቀቱን ያየዋል? ነገ እኩለ ቀን አስገባለሁ፣ አበቃ። አባቴ ዝም ይላል።”

ፋይሉን ልታስቀምጥ ማውሱን ጨበጠች። በሞተ ሰው እጅ ዶክተር ልትሆን ነው... ያንን የሞተ ሰው ደግሞ የጠራሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ነገርኳት። ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን።

“ሰኞ ጣቴ አልሳተም።”

ዞራ አየችኝ።

“እሳቸው ጋ ስደርስ 999 መጻፍ አቃተኝ። የቤቱ የበኩር ምራት እኔ ነኝ። ለሞቱት የቤተሰቡ ሰዎች በየዓመቱ ገበታ የማቀርበው እኔ ነኝ። የሙት ሳህን ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ሩዙን ትሞያለሽ፣ ማንኪያውን ትተክያለሽ፣ እንዲገቡ በሩን አንድ ስንዝር ትከፍቻለሽ። እጄ የለመደው ይህንን ነው። ባዶ ሳጥን አየሁ... ሞላሁት። ደስ እንዲላቸው ከሰኔው አንድ ኪሎ ጨመርኩላቸው።”

“ለምን አልነገሩኝም?”

“ሌላም አለ። ሆስፒታል ሊሞቱ ሲሉ እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ከሥራ ነበር የመጣሁት፣ እጄ ይሸታል። ታጥቤ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ የአልጋውን ብረት ጨብጠው ነበር። ነርሷ ጣቶቻቸውን ያላቀቀችው አንድ በአንድ ነው።”

ሄሪም ቀና አለች። የምታየው ከኔ ጀርባ ነው።

“እትዬ... በሩን ሲገቡ ዘግተውት ነበር?”

ዘግቼው ነበር። መወርወሪያው ሲገባ ሰምቻለሁ።

አንድ ስንዝር ተከፍቷል።

ነፋስ የለም። ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ታች ሴቶቹ በጎመኑ መሐል ይሳሳቃሉ።

ሄሪም ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ወንበሯን ወደ ጎን ሳበችልኝ።

“ባዶም መልስ ነው፣ እትዬ” አለች ቀስ ብላ። “ሰውየው አልመጣም ማለት ነው። እኔ ካመጣሁት ጥናት አይደለም። የመጀመሪያውን እርስዎ ነዎት የጻፉት፣ እርስዎ ያውጡት።”

“አንድ ዓመት ይጨመርብሻል።”

“አውቃለሁ። ቶሎ ይጻፉ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።”

ተቀመጥኩ። ሐምሌ ላይ ገባሁ። ዘጠኝ... ዘጠኝ... ዘጠኝ...

ሰው ዝም ብሎ አይሸኝም ብዬ እንዲህ አልኩ፦

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የለዎትም። ቤት ይምጡ።”

ሄሪም የነሐሴን፣ የመስከረምን፣ የጥቅምትን ጻፈች። ፕሮግራሙን አስኬደች።

0.11።

ያን ጊዜ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከተዘጋው ሳጥን ውስጥ... ቀጭ።

ሰው ሲጨብጥ ቆይቶ እጀታውን ሲለቀው የሚሰማው ድምፅ ነው።

ከፈትነው። መርፌው ዜሮ ላይ ነው። ማንም አልመለሰውም።

ሾርባውን በላን። ቀዝቅዞ ነበር፣ ግን ጨረስነው።

ዓርብ እኩለ ቀን ሳይደርስ ባዶዎቹን ባዶ አድርጋ አስገባች። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ጨመረባት። አባቷ “ዘንድሮም ልትጨብጪ ነው?” አላት። ፊቷን ታጠበችና ሌላ ሠላሳ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣች። አሁንም ጣሪያው ላይ ናት። በሃያ ሰባተኛው ረድፍ ቁጥር ተመልሶ አልመጣም፣ በየቀኑ ታየዋለች።

እዚህ ላይ ባቆምላችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የእማማ ቡንናም የመጀመሪያ ሙት ዓመት ነበር።

ባሌ ባሕር ላይ ስለሆነ ሄሪም አገዘችኝ። ዓሣውን ጠበሰች፣ አሳረረችው፣ እኔ ደግሜ ጠበስኩት። ሩዙን እስከ አፉ ሞላሁ። የብረት ማንኪያቸውን መሐሉ ላይ ቀጥ አድርጌ ተከልኩ። የውጭውን በር አንድ ስንዝር ከፈትኩ።

ሰገድን። ከዚያ እንደ ደንቡ ብቻቸውን እንዲበሉ ከክፍሉ ወጥተን ተንሸራታቹን በር ዘጋን።

“ስንት ደቂቃ ነው?” አለችኝ በሹክሹክታ።

“ዘጠኝ ጉርሻ እስኪበሉ።”

“ያ በደቂቃ ስንት ነው?”

“አንቺ ደግሞ ሁሉን ትለኪያለሽ። ዝም በይ።”

ዝም አለች።

ዝም ስትል ነው የሰማነው። ከውስጥ፣ ቀስ ያለ... ብረት ሲጎብጥ የሚያሰማው ሲቃ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሩዙ አንድ ፍሬ አልጎደለም። ዓሣው፣ ፍሬው፣ መጠጡ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው።

ማንኪያው ግን ከሩዙ ወጥቶ ሁልጊዜ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊት ተጋድሟል። እጀታው ወደኔ ዞሮ።

እጀታው ላይ የተጨበጠ ሊጥ የመሰለ ስርጉድ አለ።

ሄሪም በጣቷ ሳትነካ ቆጠረችው። በአንድ ወገን አንድ፣ የአውራ ጣት።

በሌላው ወገን ሦስት።