ማዘርቦርዱን ከቀየርኩ በኋላ የተቀዳው ድምፅ

ላታምኑኝ ትችላላችሁ... መብታችሁ ነው።

እኔም ሌላ ሴት ብትነግረኝ ኖሮ "ደክሞሻል፣ ሄደሽ ተኚ" ነበር የምለው። ግን የሆነው በገዛ ቤቴ ውስጥ ነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ። እናቴ ምስክሬ ናት... ምንም እንኳ ስለዚያ ቀን ማውራት ባትፈልግም።

ሥራዬ ማንበብ ነው። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የትምህርት መጽሐፍ ጮክ ብዬ እያነበብኩ እቀዳለሁ።

የምቀዳው ድሮ ዕቃ ቤት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የላትም። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ማይክ... ከጎኔ ደግሞ ኮምፒውተሩ። ሁለተኛ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ የለም።

ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነበር። አንድ ምዕራፍ አንብቤ ላስቀምጥ ስል ድርቅ ይልና የሁለት ሰዓት ልፋቴን ውኃ ይበላዋል። የተማሪዎቹ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የታሪክ መጽሐፉ ገና ግማሹ ላይ ነው። ልጆቹ ደግሞ ያንን መጽሐፍ የሚያገኙት ከእኔ አፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ብሎን ጋ ሄድኩ።

ብሎን ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሲሠራ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ ስለሚያወራ ነው ስሙ የወጣለት። ዓመታት አውቀዋለሁ፤ ሳይቀልድ ዕቃ ሸጦልኝ አያውቅም።

ያን ቀን ግን አልቀለደም።

ሁለት ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ።

"ሁለቱ የባላንጣ ኩባንያዎች ናቸው" አለኝ። "የአንዱ ፕሮሰሰር፣ ማለት አንጎሉ፣ ሌላው ላይ አይገባም። ይሄኛው አሮጌው ዓይነት ነው። ሰው የተገለገለበት ነው፤ ፕሮሰሰሩም አብሮት አለ። የድሮ ራምሽን ይቀበላል፤ ዛሬውኑ ልገጥምልሽ እችላለሁ። ግን ከዚህ በላይ አያድግም። ያኛው አዲሱ ነው። ራሙም ፕሮሰሰሩም አዲስ ይፈልጋል። እሱን ከያዝሽ ወደፊት ፕሮሰሰሩን ብቻ እየቀየርሽ ትኖሪያለሽ።"

ኢንተርኔት ላይ ስለ ሁለቱ ሳነብ ነው የሰነበትኩት። የአንዱ ወዳጅ የሌላውን ወዳጅ ሲሳደብ... ከኳስ ደጋፊዎች ይብስ ነበር! ጭንቅላቴ ዞሮ ነበር።

"የአዲሱ ፕሮሰሰር መቼ ይመጣል?" አልኩት።

"በሳምንቱ።"

"ሳምንት የለኝም። አሮጌውን ግጠምልኝ።"

ብሎኑን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አገላበጠው።

"አዲሱን ጠብቂ" አለኝ።

"ፈተና አለባቸው እኮ!"

"እባክሽ..." አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብሎን ለማንም "እባክሽ" ሲል ሰምቼ አላውቅም። ግን ጊዜው አስጨንቆኝ ስለነበር አልፌው ሄድኩ።

ከሰዓት ቤት መጥቶ አሮጌውን ገጠመልኝ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ...

"አንብበሽ ስትጨርሺ ማይኩን ንቀይው" አለኝ።

"ለምን?"

"እንዲያው... ልማድ ይሁንሽ።"

ኮምፒውተሩ ክንፍ አወጣ። በሁለት ቀን አራት ምዕራፍ ጨረስኩ። ብሎንን በሆዴ ታዘብኩት... ለካ አዲሱን ሊሸጥልኝ ነው!

ሐሙስ ከሰዓት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የጠዋቱን ቅጂ መስማት ጀመርኩ።

የራሴ ድምፅ ነው። ገጽ መግለጥ... ትንፋሽ... ንባብ...

ከዚያ ከንባቤ ሥር ሹክሹክታ ሰማሁ።

"ልጄ... ሻይ ላምጣልሽ?"

ሁለት ጊዜ የመተንፈስ ያህል ጊዜ አለፈ።

በር ተንኳኳ። በሩ ተከፈተ። ከዚያ ጥርት ያለው የእናቴ ድምፅ...

"ልጄ፣ ሻይ ላምጣልሽ?"

ደግሜ ሰማሁት። አምስቴ ሰማሁት።

ማስተጋባት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ግን... ማስተጋባት ከድምፁ በኋላ ነው የሚመጣው እንጂ ቀድሞ አይመጣም።

ዓርብ እናቴን ጠራኋት።

"እማዬ፣ እየቀዳሁ ሳለ ደስ ባለሽ ሰዓት ግቢና የሆነ ነገር በይ።"

"ምን ልበል?"

"የመጣልሽን።"

"ሌላ ጊዜ ስገባ ትቆጪኛለሽ፤ ዛሬ ግቢ ትይኛለሽ!" ብላ ሄደች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገባች።

"ልጄ፣ መነጽሬን አይተሽልኛል?... ውይ! አናቴ ላይ ነው ለካ!"

ስቃ ወጣች። እኔ አልሳቅኩም። ወዲያው ቅጂውን ወደ ኋላ መልሼ አዳመጥኩ።

ሹክሹክታው ነበር። መነጽሩም፣ "ውይ"ውም፣ ሳቋም... አንድም ሳይቀር። እናቴ በሩን ከመክፈቷ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቀድሞ።

ትናንት ሁለት ትንፋሽ ነበር። ዛሬ ሁለት ደቂቃ።

እየራቀ ነው...

ቅዳሜ አዲስ ምዕራፍ ቀዳሁ። እናቴ ገበያ ነበረች፤ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ሳዳምጠው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነው። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ...

"ልጄ..."

የእናቴ ድምፅ ነው። ግን እየተንቀጠቀጠ።

"ልጄ... አጠገብሽ የተቀመጠው ማነው?"

ማዳመጫውን ወርውሬ ከክፍሉ ወጣሁ።

እናቴ ይህን ብላኝ አታውቅም። አላለችም... ገና።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ብሎን ጋ ደወልኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት።

"ብሎን?"

"አለሁ።"

"የምታውቀው ነገር አለ! ምን ደብቀኸኝ ነው?"

"ያንን ማዘርቦርድ ያመጣው አንድ ሰውዬ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "ገንዘብ እንኳ አልተቀበለኝም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ... 'ማይክ ብቻ አትሰካበት' አለኝ።"

"ለምን አላልከውም?"

"ሳቅኩበታ! የአእምሮ ሕመም ያለበት መሰለኝ። አንቺ ደግሞ አስቸኮልሽኝ... አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ?"

"አዲሱስ?"

"ፕሮሰሰሩ ሰኞ ይገባል። ገና ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ማንም ያልነካው ነው። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። እስከዚያ እንዳትከፍችው።"

እሑድ ክፍሉን ቆልፌ ዋልኩ። እናቴንም እኔ እያነበብኩ ሁለተኛ እንዳትገቢ አልኳት።

"ደግሞ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። ቅር ብሏታል።

"ምንም። ለሥራው ነው፣ እማዬ።"

ውሸት ስናገር ታውቃለች። ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ ብሎን መጣ። አሮጌውን ማዘርቦርድ ከነፕሮሰሰሩ ከነራሙ ነቅሎ በፌስታል ጠቀለለው። አዲሱን ካርቶን እኔ ፊት ከፈተው። ፕሮሰሰሩን አስገባ፤ ግራጫውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ቀባው፤ አዲሱን ማቀዝቀዣ ብረት ከላዩ አስሮ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ከአሮጌው የቀረ ነገር ቢኖር ባዶው ቆርቆሮ ኬዝ ብቻ ነው።

"አበቃ" አለኝ። "ይሄ ሌላ ዓለም ነው። ከዚያኛው ጋር አይተዋወቁም።"

እውነቱን ነበር። ሰኞ ቀዳሁ... ንጹሕ። ማክሰኞ ንጹሕ። ረቡዕ፣ ሐሙስ... ምንም። የበፊቶቹንም ምዕራፎች እንደ አዲስ አንብቤ ቀዳኋቸው። ድምፄ እስኪዘጋ አነበብኩ።

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻውን ገጽ ጨረስኩ። መጽሐፉን ለትምህርት ቤቱ ላክሁት። ደረሰን የሚለው መልስ ሲመጣ እንባዬ መጣ። ለልጆቹ ለፈተናቸው ደረሰላቸው!

ደስታው አሰከረኝና በሩን ከፍቼ "እማዬ፣ ጨረስኩ!" ብዬ ተጣራሁ። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና የመጨረሻዎቹን መስመሮች ለራሴ ደስታ ጮክ ብዬ አነበብኳቸው።

ሰዓቱን አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

የእናቴ እግር ኮሪደሩ ላይ ተሰማኝ። ሻይ ይዛ እየመጣች ነው። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ቅጭል ቅጭል ይላሉ።

በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ቅጭልጭልታው ግን አልቆመም። እየባሰ ሄደ።

"ልጄ..."

በእግዚአብሔር! አትበይው... አትበይው...

"ልጄ... አጠገብሽ የተቀመጠው ማነው?"

በቀኝ በኩል፣ ኮምፒውተሩ ባለበት በኩል፣ ጉንጬ ላይ ሙቀት ይሰማኛል። የማሽን ሙቀት ነው አልኩ። የማሽን ሙቀት ነው...

"አትዙሪ" አለች እናቴ በሹክሹክታ። "እኔን እያየሽ ተነሺ።"

ተነሳሁ።

"ነይ። ቀስ ብለሽ... ነይ የኔ ልጅ።"

ሦስት እርምጃ ነው። ሦስት እርምጃ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። እጇ ላይ ስደርስ ትሪውን ለቀቀችው። ጎትታኝ ወጣን። የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፍተን ጎረቤት አደርን።

ምን እንዳየች ስንቴ ለመንኳት! አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረችኝ።

"ስታነቢ... ወደ አፍሽ ተጠግቶ ነበር።"

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ብሎንን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ ደጅ ቀረች። ክፍሉ እንደተውነው ነው፤ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የደረቀ ሻይ።

ብሎን ገመዶቹን ሁሉ ነቀለ። ኬዙን በደረቱ አቅፎ ደጅ፣ ብርሃን ላይ አወጣው። ከፈተው። ማዘርቦርዱ አዲስ ነው። አቧራ እንኳ አልያዘም።

"ምንም የለም እኮ..." አለ።

ካቻቢቴውን አውጥቶ የማቀዝቀዣውን አራት ብሎን ፈታ። እንደ ልማዱ ከንፈሩ ላይ ያዛቸው። ማቀዝቀዣውን ወዘወዘና ከፕሮሰሰሩ ላይ አላቀቀው። ገልብጦ ሥሩን አየው።

ብሎኖቹ አንድ በአንድ ከአፉ መሬት ላይ ወደቁ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

ወደ እኔ አዞረው።

ፕሮሰሰሩ የተጫነበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ምልክት ነበር መኖር የነበረበት። እዚያ ግራጫ ቅባት ላይ ግን... ከነእጥፋቱ፣ ከነቀዳዳው፣ ከነለስላሳ ጫፉ... ጥርት ብሎ ታትሟል...

የሕፃን ጆሮ የምታህል አንድ ጆሮ።