ከዘርአጽዮን ጆሮ አጠገብ

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ግን በእውነት የሆነ ነገር ነው። የሻሽወርቅን ለዓመታት አውቃታለሁ... ውሸት የማይሆንላት ሴት ናት።

የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላውራችሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቦሌ ቡልቡላ፣ ያኔ ከባሏ ጋር ትኖርበት የነበረው ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ።

የሻሽወርቅ የፊዚክስ መምህርት ናት። ትርፍ ጊዜዋን የምታሳልፈው በቴሌስኮፕ የሰማይ ፎቶ በማንሳት ነው። በዚያ ሰሞን ወንድሟ ከዱባይ ፎካል ሪዲዩሰር አምጥቶላታል። በቴሌስኮፑና በካሜራው መካከል የሚገባ ትንሽ መስታወት ነው። እሱ ሲገባ ምስሉ ያንስና ካሜራው ሰፋ ያለ ቦታ ያያል።

ሳይጨልም ልትሞክረው ፈለገች። ለማስተካከል ደግሞ ራቅ ያለ መብራት ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ባሏ ዘርአጽዮን ባትሪ ይዞ ከሜዳው ማዶ ወዳለው ጅምር ህንፃ ሄደ። ጥበቃውን አባባ ቢተውን አስፈቅዶ እስከ ጫፍ ወጣና ደወለላት።

መጀመሪያ ያለ ሪዲዩሰሩ አየችው። የካሜራውን ስክሪን የሞላው ደረቱና ባትሪው ብቻ ነበር። ገመዱ እንዲመቻት ካሜራውን ገልብጣ ስላሰረችው፣ ዘርአጽዮን ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው። ለምዳዋለች።

ሪዲዩሰሩን አስገባች።

ምስሉ ሰፋ። አሁን ባሏ ከራስ እስከ እግሩ ይታያል...

አጠገቡ ሌላ ሰው አለ።

አባባ ቢተው አብረውህ ወጡ እንዴ ብላ ጠየቀችው። እሳቸው ታች በር ላይ ናቸው አላት።

"ታዲያ አጠገብህ ማነው?"

"ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።"

መስታወቱ ቆሽሾ ይሆናል ብላ አወጣችው። በጨርቅ ጠርጋ መለሰችው።

ሰውየው አለ። እንደውም ቀረብ ብሏል።

ያኔ አንድ ነገር ገባት...

ዘርአጽዮን ተዘቅዝቋል። ህንፃው ተዘቅዝቋል። ሰውየው ግን በስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው።

ማለት... እዚያ ማዶ፣ ራሱን ቁልቁል አድርጎ፣ ከባሏ ጆሮ አጠገብ ተንጠልጥሏል። የተንጠለጠለበት ነገር ግን የለም። ከበላዩ ባዶ ሰማይ ነው።

"ዘርዬ" አለች በሹክሹክታ። "ቀስ ብለህ ውረድ።"

"ምን ሆንሽ?"

"አትጠይቀኝ። ወደ ላይ እንዳታይ። ውረድ ብቻ።"



"የሻሽ... ዝናብ ጀመረ እንዴ? አንገቴ ላይ ተንጠባጠበብኝ።"

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

የሰውየው አፍ ሲንቀሳቀስ አየች። በስልኩ ግን ከባሏ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ የለም።

ዘርአጽዮን ቀና አለ።

ስልኩ ተቋረጠ።

ብትሮጥ አታየውም። ቆማ ብታይ አታድነውም። ደጋግማ ደወለች... አይነሳም። ማዶ ያለው ባትሪ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ጨለማ ብቻ ቀረ።

ሜዳውን እንዴት እንዳቋረጠችው እስከ ዛሬ አታስታውስም።

አባባ ቢተው የወረደ ሰው እንዳላዩ ነገሯት። አብረዋት ወጡ። ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አገኙት።

ደክሞኝ አረፍ አልኩ ነው ያለው። ምን እንዳየ ጠየቀችው። ምንም አላየሁም አለ። የሸሚዙ ኮሌታ ግን ርሶ ነበር።

ሐኪም አየው። ጠበል ተጠመቀ። ሁሉም ደህና ነው አሉ። እሷ ግን እዚያ ሰፈር ማደር ስላቃታት ሲኤምሲ አካባቢ ግቢ ያለው ቤት ተከራይተው ገቡ።

ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሲመሻሽ ልብስ ከገመድ ልታወርድ ወጣች።

ዘርአጽዮን ግቢው መሃል ቆሟል። አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ። አፉን ገርበብ አድርጎ... ሰው ሲያወራው እንደሚያዳምጥ።

ጠራችው። አልሰማትም።

ሁለቴ ራሱን ነቀነቀ።

"እሺ" አለ በሹክሹክታ። "እነግራታለሁ።"

ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ...